ጠያቂ አይግባ

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከቤቴል ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን ስለ እኔ የሚወራ አንድ ታሪክ አለ። «በሯ ላይ ወረቀት ለጥፋ ጠያቂ ያባረረች አስተማሪ» ይሉኛል። ውሸት የለበትም። ወረቀቱን የጻፍኩትም የለጠፍኩትም እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ሲያነሳው መልሼ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ዛሬም ብታመም እለጥፈዋለሁ። ይህን የምጽፈው ሰፈሩን ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ይቅርታ የጠየቅኋት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷንም ቦታው ሲደርስ አነሳታለሁ።

ዘነበች እባላለሁ። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ልጆቹ «ሚስ ዘነቡ» ይሉኛል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም ነበር። በየዓመቱ መጨረሻ ወላጆች ፊት እየተጠራሁ «ቀሪ የሌለባት መምህርት» የሚል የምስክር ወረቀት እቀበላለሁ፤ አንዱን በመስታወት አስገጥሜ ሳሎን ሰቅዬው ነበር። ለልጆቹም ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ሠርቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ላልቀረ ልጅ ኮከብ እለጥፍለታለሁ። ትኩሳት ይዞት፣ አፍንጫው እየፈሰሰ የመጣ ሲኖር ደግሞ «ተማሪ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ አስጨበጭብለት ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በኅዳር ነው። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ጠራርጎ አቃጠለ፤ ድሮ ከተማውን የጨረሰው የኅዳር በሽታ እንዳይመለስ ነው ይባላል። ጭሱ ለቀናት ከግቢ ግቢ ሲዞር ሰነበተ። ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ጭሱ ነው አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሲያስልም ጭሱ ነው ተባባልን። ሰኞ ዕለት ግን ወገቤን ቆረጠመኝ፣ ዓይኖቼ ተቃጠሉ። ብርድ ገባኝ ብዬ መስኮቶቹን አስዘጋሁ። ያውም ሠላሳ ስምንት ልጅ ባለበት ክፍል። ከመስኮቶቹ ሁለቱ እንዲያውም መዘጋት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ወላጆች «ልጃችንን ነፋስ መታብን» እያሉ ስላስቸገሩ ከዓመታት በፊት በሚስማር ተመትተዋል። እንደዚያ ሆኜ ሦስት ቀን አስተማርኩ። ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳው ሥር ቁጭ አልኩ፤ መነሳት አቃተኝ።

ባለቤቴ ሳህሌ አየር ጤና ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ሱቁን ዘግቶ መጣና እዚያው አቅራቢያ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደኝ። ካርድ አወጣን፣ ደም ሰጠሁ፤ ከዚያ ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ከሌላው በሽተኛ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብበን ሁለት ሰዓት ጠበቅን። አንዱ ሲያስል ሌላው ይቀበለዋል። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ አሳላቸውና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ፤ ወዲያው በዚያው እጃቸው ግንባሬን ዳበስ አድርገው «አይዞሽ ልጄ፣ ትኩሳት አለሽ» አሉኝ። ውጤቱ መጣ፤ ታይፎይድና ታይፈስ። መቼስ በዚህ ከተማ ደም ሰጥቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው ካለ አላጋጠመኝም። እንክብሌን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ የክሊኒኩን ወረቀት አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምን ታይፎይድ ይላሉ፣ ይሄ ምች ነው። ምን በልተሽ ፀሐይ ላይ ወጣሽ?» አሉና ዳማከሴ ጨምቀው አመጡ። አላበኝ። ላብ ላይ ያለች ሴት ነፋስ አያግኛት ተብሎ ፍራሼ ሳሎን ተነጠፈ፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ተወተፈ። እትዬ ብርቄ ክፉ ሰው አይደሉም። ሌሊት ሦስቴ እየመጡ ያዩኝ እሳቸው ነበሩ።

ዓርብ ከሰዓት ከውጭ የብዙ ልጆች ጫጫታ ሰማሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ያልቀረች አስተማሪ ስትቀር ትምህርት ቤቱ የሞትኩ ሳይመስለው አልቀረም። ርዕሰ መምህራችን አቶ ወንድይፍራው ክፍሌን በሙሉ ሁለት ሁለት አድርገው አሰልፈው፣ እጅ ለእጅ አያይዘው፣ በእግር ይዘዋቸው መጡ። ሙዝ፣ ብርቱካንና የታሸገ ጁስ በሦስት ፌስታል ይዘዋል። ሳሎናችን ስምንት ሰው ከያዘ ሞላ የሚባል ነው። ሶፋው ላይ ተደራረቡ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ የተረፉት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሙ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ ነፋስ እንዳይመታኝ። «በሉ ተራ በተራ መምህርታችሁን ሳሙ» አሉ አቶ ወንድይፍራው፤ ልጆቹም ግራና ቀኝ ጉንጬን እየሳሙ «እግዜር ይማርዎት ሚስ» እያሉ አለፉ። አብዛኞቹ ያስሉ ነበር። እኔም አስል ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

ኤፍራታ ሳትሄድ ትራሴ ሥር ቀረች። ኤፍራታ አስም አለባት፤ የምትስበውን መድኃኒት ከእርሳስ መያዣዋ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ብርቱካን ልጣ፣ ፍሬውን አውጥታ፣ አንዱን ክፋይ በትናንሽ ጣቶቿ አጎረሰችኝ። ግማሹን ገምጬ ግማሹን መልሼ አጎረስኳት። «አንቺም ብዪ የኔ እናት» አልኳት። በላችው። ያቺን ግማሽ ክፋይ ብርቱካን እስክሞት የምረሳት አይመስለኝም።

ሲሄዱ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ፤ የልጆቹን ፊት ማየቴ ከእንክብሉም ከዳማከሴውም በላይ የሚያድነኝ መስሎኝ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ የምቆጣው ሰው ማጣቴ።

እሑድ ጠዋት ከፍራሼ እስከ ባኞ ቤት መሄድ አቃተኝ። እስትንፋሴ አጠረ፤ ስናገር ሁለት ቃል ተናግሬ ማረፍ ነበረብኝ። ሳህሌ ታክሲ ጠርቶ ሆስፒታል አደረሰኝ። ድንገተኛ ክፍሉ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የራሱን ወንበር አውጥቶ ሰጠኝ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ተራዬ ሲደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ጣቴ ላይ የሚቆነጥጥ ነገር አደረገች። አየችው፣ ጣቴን ቀየረች፣ እንደገና አየችው። ከዚያ ወሬ የለም፤ ኦክስጅን አስመጣች።

ራጅ ከተነሳሁ በኋላ አልጋዬ አጠገብ ቆማ «ታይፎይድ ማን አለዎት?» አለችኝ።

«ክሊኒክ።»

«እናቴ፣ የያዘዎት ኢንፍሉዌንዛ ነው። የጉንፋን ታላቅ ወንድም ይበሉት፤ ጉንፋን ብለን ስንንቀው ሰው የሚጥል። በሱ ላይ ደግሞ ሳንባዎ ቆስሏል፤ የሳንባ ምች የምንለው ነው። ነፋስ አይደለም ያመጣብዎት። ከሰው ትንፋሽና ከሰው እጅ ነው። እቤት ጠያቂ ነበረዎት?»

«ሠላሳ ስምንት» አልኳት።

መጻፏን አቆመች። «ትልልቅ ሰዎች ናቸው?»

«ሦስተኛ ክፍል።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ኦክስጅኑ ሲያፏጭ እየሰማሁ ልጆቹን በስም መዝገቡ ተራ በሆዴ እጠራቸው ነበር። አቤል፣ አማኑኤል፣ ባምላክ እያልኩ፣ ኤፍራታ ጋ ስደርስ አቆማለሁ። ስሟን አልፌ የሚቀጥለውን ለመጥራት እፈራ ነበር። እኔ ስለ ራሴ ሞት ያሰብኩት ጥቂት ነው፤ ሕፃኗን ግን አሰብኳት።

ረቡዕ ለሁለተኛ ራጅ በተሽከርካሪ ወንበር ሲወስዱኝ በድንገተኛ ክፍሉ መጠበቂያ በኩል አለፍን። የኤፍራታ እናት እታገኝ ልጇን ታቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ኤፍራታ በእያንዳንዱ እስትንፋስ ትከሻዋ ይነሳል፣ አንገቷ ሥር ይጎደጉዳል። ዓይኗ ተከፍቷል፤ የምታይ ግን አትመስልም። እታገኝ እኔን ስታይ ፊቷ በራ። ቤተሰብ ያገኘች ያህል ብድግ አለችና ልጇን ወደ እኔ ይዛ መጣች። «ሚስ ናቸው፣ ሳሚያቸው እናቴ» አለቻት።

እጄን ዘረጋሁ። «አታቅርቢያት። እዛው ሁኚ።»

ቆመች። «ምነው ሚስ? ልጄ ምን ሆነች ብለው ነው?»

መልስ ነበረኝ፤ እስትንፋስ ግን አልነበረኝም። ሰው ሁሉ ያየኛል። ነርሷ ወንበሩን ገፋችው፤ ወደ ኋላ ስዞር እታገኝ ልጇን አቅፋ እንደቆመች ነበረች። የመጀመሪያው እምቢታዬ ይህ ነው። አስቀያሚ ነበር፣ ግን ትክክል ነበር።

ቅዳሜ ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሟ በግልጽ ነገረችኝ። ሳልዎ አልቆመም፣ ሳንባዎም ገና ነው፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ወደ እርስዎ ሰው አይምጣ፣ እርስዎም ወደ ሰው አይሂዱ። ቤት ስደርስ ሳህሌ ሁለት ሳጥን ለስላሳ ገዝቶ ጠበቀኝ። የዕድሩ ሴቶች እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ይመጣሉ፣ የእትዬ ብርቄ ቸርች የጸሎት ኅብረት ይመጣል፣ አቶ ወንድይፍራውም ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ይመጣሉ። ኤፍራታ ደግሞ ገና ኦክስጅን ላይ ነች።

ከስም መዝገቤ አንድ ገጽ ገንጥዬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። «ታምሜያለሁ። በሽታው ይጋባል። ጠያቂ አይግባ። ውለታችሁን እግዜር ይክፈላችሁ። ዘነበች።» ሳህሌ የውጭው በር ላይ ሲያየው ገንጥሎ ኪሱ ከተተው። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር እንደዚያ ቀን ተጣልተን አናውቅም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«የፈለገውን ይበል።»

«የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው።»

«በሽታውም እሱው ነው» አልኩት።

«ነገ ብንሞት ማን ሊቀብረን ነው ዘነቡ? በሩን የዘጋሽበት ሰው ነው ሬሳሽን የሚሸከመው።»

«ልጅቷንስ ማን ሊቀብራት ነው?»

እኔ ግድግዳ ይዤ፣ እያረፍኩ፣ በሩ ድረስ ሄድኩና ሌላ ወረቀት ለጠፍኩ። ስመለስ ሳህሌ ሳጥኖቹ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አልነካውም። ለሦስት ቀን እኔንም አላናገረኝም።

እሑድ መጡ። የዕድሩ ሴቶች ወረቀቱን ከበው ቆሙ፤ እትዬ ብርቄ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡላቸው። እኔ ጋቢ ተከናንቤ መስኮቱን ከፈትኩ።

«ማንን ነው ይሄ? እኔንም?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«እርስዎንም። በተለይ እርስዎን፤ ስኳር አለብዎት።»

«እኔን ጌታ ይጠብቀኛል።»

«ይጠብቅዎታል እትዬ። በእኔ በር በኩል ግን አይፈትኑት።»

አንዷ የዕድር ሴት «እንግዲህ ለአርባዋ እንገናኛለን» ብላ ሙዟን ይዛ ተመለሰች። ሌሎቹም ተከተሏት። አቶ ወንድይፍራው ከመንገዱ ማዶ እንደቆሙ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እትዬ ብርቄ ግን አልሄዱም። ከቤታቸው ዱካ አስመጥተው ግቢው መሃል፣ ከመስኮቱ ስድስት እርምጃ ርቀው ተቀመጡ። «ካልሽ ከዚሁ እጠይቅሻለሁ» አሉና ቅያሱ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው ጸለዩልኝ። ስለ ሳንባዬ፣ ስለ ሳህሌ ሱቅ፣ ስለ ግትርነቴም ጭምር። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተጠይቄ አላውቅም። ከበሽታዬ ጋር ስንት ቀን ተዋግቼ ያልሳቅኩትን ያን ቀን ሳቅኩ፤ ሳቁ ሳል አስነሳብኝ እንጂ።

ኤፍራታ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ቆየች። በየቀኑ ለእናቷ እደውላለሁ፤ አታነሳም። ልጅቷ ወደ ቤት መመለሷን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። ሁለቱ ሳምንት አልቆ ሳሉ ሲቆምልኝ፣ ማስክ አድርጌ ሄጄ ከእታገኝ በር ውጭ ቆምኩ። ግቢ አላለችኝም፤ እኔም መግባት አልፈለግኩም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። መታመሜን እያወቅኩ ሦስት ቀን ማስተማሬን፣ መስኮቱን ማስዘጋቴን፣ ብርቱካኗን።

«ሐኪሟ ከክፍል ይዟት ይሆናል አለችኝ» አለች እታገኝ።

«ይሆናል። ክፍሉም የእኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ብርቱካኗን ነግራኛለች» አለችኝ። «ሚስ በእጃቸው አጎረሱኝ ብላ ዓርብ ማታውን ስትኮራ ነው ያመሸችው።» ከዚያ ዓይኖቿን ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝ። «ይቅርታው ይደርሳል ሚስ። ትምህርት ቤቱን ምን ሊያደርጉት ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሥራ በምመለስበት ጠዋት ሳህሌ ምንም ሳይናገር ጉጠትና መዶሻ በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። የታረቅነው በዚሁ ነው። ልጆቹ እያዩኝ የሁለቱን መስኮቶች ሚስማር አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ የዛገው አንዱ ብቻ አስቸገረኝ። የኮከቡን ሰንጠረዥ አወረድኩ። ትኩሳት ያለው ልጅ ቤቱ ይተኛ፣ ያመለጠውን ትምህርት እኔ አስይዘዋለሁ ብዬ ለወላጆች ጻፍኩ። ሲያስላችሁ በክንዳችሁ እጥፋት አፋችሁን ሸፍኑ፣ ከምሳ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ አልኳቸው፤ ሳሙናው ሲያልቅ ከቤቴ አመጣለሁ። ለሚበርደው «ሹራብ ደርቡለት» ብዬ ላክሁ።

አቶ ወንድይፍራው ቢሮ አስጠሩኝ። «መምህርት፣ የታመመ መጠየቅ ግብረ ገብ ነው። እኛ ይህን ካላስተማርን ማን ሊያስተምር ነው?»

«ጥየቃው አይቅር። መሳሙና መታፈኑ ይቅር። ካርድ ይጻፉ፣ ይደውሉ፣ ግቢ ቆመው ይዘምሩ።»

«ወላጆች ልጆቻችንን ብርድ አስመታች ብለው ፈርመው አምጥተዋል።»

«የእታገኝ ፊርማ አለበት?»

ወረቀቱን አገላበጡት። የለበትም። ቢሆንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ «የትምህርት ቤቱን ንብረት ያለፈቃድ በመንቀል» ይላል። ንብረት የተባሉት ሰባት ሚስማሮች ናቸው። ቤት ወስጄ የምስክር ወረቀቱን ከመስታወቱ አወጣሁና በምትኩ ማስጠንቀቂያውን አስገባሁ። እስከ ዛሬ ሳሎኔ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነስተው ልጃቸው ኮከቡን በማጣቱ ማልቀሱን ሲናገሩ፣ እታገኝ ከኋላ ወንበር ተነሳች። ብዙ አልተናገረችም። «የእኔ ልጅ ኮከብ አትፈልግም። የምትፈልገው አየር ነው» ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ኮከብ ያነሳ የለም። ከክፍሌ ቀጥሎ ያለው ክፍል መስኮቶች ግን ዛሬም በሚስማር እንደተመቱ ናቸው። ጉጠቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁን ትኩሳት ይዞት ደብተር አስይዛችሁ የምትልኩ፣ ታምማችሁ ሥራ የምትገቡ፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብላችሁ በር የምትከፍቱ፣ እኔን ሰው ያለኝን ሁሉ ብሎኛል። ይኸው አለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ በሽታውን ደብቆ የሚያድል ደግሞ የሰውን ልጅ መድኃኒት ያሳጣል። እስትንፋሳችሁ ካጠረ ታይፎይድ ነው ምች ነው እያላችሁ አትቀመጡ፤ ፈጥናችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ከዳናችሁ በኋላ ደግሞ ተሳሳሙ፤ አልከለከልኩም።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ ኤፍራታ ቀረች። እናቷ ጠዋት ደውላ «ትንሽ ትኩሳት አላት፣ አስቀርቻታለሁ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ልቤ እዚያ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ ብርቱካን ገዝቼ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ተለጥፏል። የእጅ ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ታምሜያለሁ። ጠያቂ አይግባ። በመስኮት ይቻላል» ይላል።

መስኮቱን አንኳኳሁ። ኤፍራታ ከፈተችው። ጸጉሯ ተንጨባሯል፣ ጉንጯ በትኩሳት ቀልቷል፤ እስትንፋሷ ግን ደህና ነው፣ ትከሻዋም አይነሳም። ሳያት ሁሉንም ረሳሁት። ብርቱካኑን ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩና ልስማት በፍርግርጉ መሃል ፊቴን አስጠጋሁ።

እጇን ዘረጋች። «ሚስ፣ እዛው ይቁሙ።»

ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ቆምኩ። ብርቱካኑን ላጠችው፣ ፍሬውን አንድ በአንድ አወጣች፣ እኔ እያየኋት ሙሉውን ብቻዋን በላችው።